አንብቦ የጸለየው ስደተኛ፦ የዳንኤል ሕይወት

የንባብ ክፍል፦ ዳንኤል 9፥1-23፤ ኤርምያስ 29፥1-14



ዳንኤል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የአንበሶቹ ጉድጓድ ነው። ልጆቻችን በሰንበት ትምህርት ሲስሉትም ከዳንኤል ይልቅ አንበሳው ይገዝፋል። ግን እስቲ እናስበው። ዳንኤል ከአንበሶች ጋር ያደረው አንዲት ሌሊት ነች። በሰው አገር የኖረው ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ነው። ስለዚያች ሌሊት ብዙ ተሰብኳል። ዛሬ ስለ 60ው ዓመት እንነጋገር፤ በተለይም መጽሐፍ ሲያነብ ልቡ ተነክቶ፣ ማቅ ለብሶ ስለ ሕዝቡ በእግዚአብሔር ፊት ስለወደቀበት ቀን።

ከቤቱ የተወሰደ ልጅ

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 605 ዓመት ገደማ ነው። በይሁዳ የነገሠው ኢዮአቄም ነበር። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር መጥቶ ኢየሩሳሌምን ከበበ። ከቤተ መቅደሱ ዕቃ ከፊሉን ወሰደ፤ ከዕቃው ጋር ደግሞ ከነገሥታትና ከመሳፍንት ዘር የሆኑ፣ መልካቸው ያማረ፣ ትምህርት ቶሎ የሚገባቸው ልጆች ተመርጠው ተወሰዱ። ዳንኤል ከእነሱ አንዱ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዕዝራ ከባቢሎን ተነሥቶ ኢየሩሳሌም ለመግባት አራት ወር ፈጅቶበታል።

ባቢሎን ሲደርሱ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ጽሕፈት፣ የሦስት ዓመት ትምህርት ጠበቃቸው። ስማቸውም ተቀየረ። ዳንኤል ማለት እግዚአብሔር ፈራጄ ነው ማለት ነው። እነሱ ግን ብልጣሶር አሉት፤ በንጉሡ አምላክ ስም መጠራቱ ነው። በካርዳችን ላይ ስማችን ተሳስቶ የተጻፈብን ሰዎች ይህን በመጠኑ እናውቀዋለን። ሰው ስምህን ሲያጣምመው ከየት እንደመጣህም አብሮ የሚጠፋ ይመስልሃል።

ዳንኤል ስሙን መለወጥ አልቻለም፣ ትምህርቱንም እንቢ አላለም። እንዲያውም ከክፍሉ ሁሉ በላይ ጎበዝ ሆነ። በአንድ ነገር ግን ልቡን ቆረጠ። ከንጉሡ ማእድ በሚመጣው ምግብና ወይን ራሱን ላለማርከስ ወሰነ። ይህን ሲያደርግ ግርግር አላስነሣም፤ ኃላፊውን በትሕትና ለመነና ለእሱና ለሦስቱ ጓደኞቹ ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ አትክልትና ውኃ ብቻ እንዲሰጧቸው የ10 ቀን ሙከራ ጠየቀ። በ10ኛው ቀን ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ታየ።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሕልም አልሞ፣ ሕልሙንም ፍቺውንም ካልነገራችሁኝ ብሎ የባቢሎንን ጠቢባን ሁሉ ሊገድል ተነሣ። የዳንኤል ስምም በሞት መዝገቡ ውስጥ ነበረበት። እሱ ምን አደረገ? ጊዜ ለመነ፣ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ለሦስቱ ጓደኞቹ ነገራቸው፣ አብረው ጸለዩ። ምስጢሩ በሌሊት ተገለጠለት። በባቢሎን የተጀመረችው ትንሿ የጸሎት ቡድን አራት ወጣቶች ነበሩባት። እኛ በብሎካችን የምንሰበሰብበት ቁጥርም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ አነስን ብለን አንፈር።

የሁለት ዓመቱ ወሬና የ70 ዓመቱ ደብዳቤ

ዳንኤል በቤተ መንግሥት ሲያድግ የአገሩ ነገር ይባስ እየከፋ ሄደ። በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሡ ዮአኪን ከእናቱ፣ ከባለሥልጣናቱና ከእጅ ባለሙያዎች ጋር ተማረከ። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በዚህ ጊዜ ተወስዶ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከሰፈሩት ምርኮኞች ጋር ኖረ።

በዚያን ዘመን በኢየሩሳሌም ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሣ። በቤተ መቅደስ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሁሉ እየሰሙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ያበቃል፣ የተወሰደው ዕቃም የተማረከውም ሰው ይመለሳል ብሎ ተናገረ። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። ይህን የመሰለ ወሬ ማን ይጠላል? እኛም እኮ እናውቀዋለን። በሚመጣው ወር ዝርዝር ይወጣል ይባላል፤ ስልክ ከስልክ ይተላለፋል፤ አንዱ ዕቃውን ይሸጣል፣ አንዱ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ወሩ ያልፋል፣ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የልብ ስብራት ከመጀመሪያው ይብሳል። ሐናንያም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘና በዚያው ዓመት ሞተ።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩና ኑሩበት፣ አትክልት ተክሉና ፍሬውን ብሉ፣ ተጋቡ፣ ውለዱ፣ ተማርካችሁ ለገባችሁባት ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እሷም ጸልዩ የሚል መልእክት ነበረው። ደግሞም ለባቢሎን 70 ዓመት ሲሞላ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደሚጎበኝና ወደ ስፍራቸው እንደሚመልሳቸው ገለጸላቸው። 70 ዓመት! ደብዳቤው ሲነበብ በዚያ የተቀመጠ የ40 ዓመት ሰው ቀላል ሒሳብ ነው የሚሠራው፤ ተስፋው ለልጅ ልጆቹ እንጂ ለእሱ እግር አይደለም ማለት ነው። ደብዳቤው ያልወደዱትም ነበሩ። ሸማያ የሚባል አንድ ምርኮኛ፣ ኤርምያስን የሚገሥጸው ሰው ጠፋ ወይ እያለ ወደ ኢየሩሳሌም የክስ ደብዳቤ ጻፈ።

የኤርምያስ ቃል መከራ ያየው ከሰው ብቻ አይደለም፤ ከእሳትም ነው። ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት ፊት ተቀምጦ ጥቅልሉ ሲነበብለት፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በቢላዋ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ጣለው። ኤርምያስም ሌላ ጥቅልል ወሰደና ጸሐፊው ባሮክ እንደገና ከአፉ ጻፈው፤ ሌላ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ንጉሡ አቃጥዬዋለሁ ብሎ የተኛበት ቃል ከንጉሡ ዕድሜ በለጠ።

በ586 ከክርስቶስ ልደት በፊት ኢየሩሳሌም ፈረሰች፣ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። ያቃጠለው ሠራዊት የናቡከደነፆር ነው። ዳንኤል ደግሞ በዚያው በናቡከደነፆር ቤት ሹም ነበር። አገርህን ያቃጠለውን ሰው ጠዋት ጠዋት ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መናገር አያስፈልግም። ሆኖም ናቡከደነፆር ስለ ትልቁ ዛፍ ሕልም ባየ ጊዜ፣ ፍቺው በንጉሡ ላይ የሚመጣ ውርደት መሆኑን ሲያውቅ ዳንኤል ደነገጠ፤ ደስ አላለውም። ነገሩ በንጉሡ ጠላቶች ላይ በሆነ ብሎ ተመኘለት። ጽድቅን እንዲያደርግ፣ ለድሆችም እንዲራራ መከረው። ኤርምያስ ለከተማይቱ ሰላም ፈልጉ ያለውን ዳንኤል እንዲህ ነበር የኖረው።

መጽሐፉን ከፈተ

በ539 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቢሎን በፋርስና በሜዶን እጅ ወደቀች። ንጉሡ ከኢየሩሳሌም በተወሰዱት ዕቃዎች ወይን እየጠጣ በነበረበት ሌሊት የእጅ ጣቶች በግንቡ ላይ ጻፉ፣ ዳንኤልም ጽሕፈቱን አነበበለት። በዚያው ሌሊት ንጉሡ ተገደለ። መንግሥት ተለወጠ።

መንግሥት ሲለወጥ ሰው ምን እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ማን ይሾማል፣ ማን ይወርዳል፣ ለእኛስ ይሻለን ይሆን፣ ይብስብን ይሆን። ዳንኤል ከዚህ ወሬ መካከል ነበር፤ እንዲያውም አዲሱ ገዥ ዳርዮስ ከሦስቱ ዋና ሹሞች አንዱ አድርጎታል። ግን በዳርዮስ የመጀመሪያ ዓመት ዳንኤል መጽሐፍ ከፈተ። ያነበበው ኤርምያስን ነው። እዚያ ላይ 70 ዓመት የሚለውን አገኘ።

ቆጠረ። እሱ ከተወሰደ 66 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያ ልጅ አሁን ሸምግሏል፤ ዕድሜው ወደ 80 ገብቷል ወይም አልፎታል። ዘመኑ ቀርቧል ማለት ነው።

እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? አንዳንዱ፣ እግዚአብሔር ካለ አለ ነው፣ እንግዲህ ተቀምጦ መጠበቅ ነው ይላል። አንዳንዱ ሻንጣውን ያወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሥልጣን ስላለው ቤተ መንግሥት ሮጦ ጉዳዩን ያስጨርሳል። ዳንኤል ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አቀና። ጾመ፣ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ ጸለየ።

የዛሬው ትምህርታችን ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ተስፋው በመጽሐፍ ተጽፎ ማየቱ ዳንኤልን ከጸሎት አላሳረፈውም፤ ወደ ጸሎት ገፋው። ለምን ብትሉ፣ ያው የኤርምያስ ደብዳቤ ከ70 ዓመቱ ቀጥሎ የሚናገረው ነገር አለው። ሕዝቡ እንደሚጠራው፣ እንደሚጸልይ፣ በፍጹም ልቡም እንደሚፈልገው፣ እግዚአብሔርም እንደሚሰማና እንደሚገኝ ይናገራል። ስለዚህ ዳንኤል ሁለቱን አብሮ አነበበ። ዓመቱን አነበበ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚጸልይ ሕዝብ እንደሚኖርም አነበበ። ታዲያ የሚጸልየው ማን ነው? ሌላ ሰው ይጸልይ ብሎ አላለፈም። እሱ ራሱ ተንበረከከ።

ሌላም ክፍል አለ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ፣ ሕዝቡ በድሎ ወደ ጠላት አገር ቢማረክ፣ በዚያም በልቡ ተመልሶ በደሉን ቢናዘዝ፣ ወደ አገሩና ወደ ከተማይቱ ዞሮ ቢጸልይ እግዚአብሔር እንዲሰማ ለምኖ ነበር፤ በ1ኛ ነገሥት 8 ላይ አንብቡት። የዳንኤል ቤት መስኮት ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ የሚከፈት ነበር። የጸሎቱ ኑዛዜም ያንን የሰሎሞንን ልመና ይመስላል። የሙሴን ሕግም በስም ጠቅሶ ይጸልያል። ስለዚህ የእግዚአብሔር ጉትጎታ የመጣለት በቃሉ ውስጥ ነው። በእጁ ያለውን መጽሐፍ አነበበ፣ ያነበበውን ወደ ጸሎት መለሰው።

እኛ በደልን

አሁን የጸሎቱን ውስጥ እንይ። ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ዳንኤል በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ነውር አናገኝም። ጠላቶቹ በሥራው ላይ ስህተት ሊያገኙበት ፈልገው አጥተዋል። የኤርምያስን ጥቅልል ያቃጠለው እሱ አይደለም። ድሆችን የበደለው፣ ለጣዖት ያጠነው፣ ነቢያትን ያሳደደው እሱ አይደለም። በልጅነቱ ተወስዷል። ግን ጸሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታነቡት፣ እነሱ በደሉ አይልም። እኛ ይላል። ነገሥታቱን፣ አለቆቹን፣ አባቶቹን፣ በቅርብም በሩቅም ያሉትን ሁሉ ይጠራና ራሱን ከመካከላቸው ያስቀምጣል። የባቢሎንን ግፍ አንድ በአንድ ቆጥሮ አያቀርብም። የአንዱን ነገድ ጥፋት ለይቶ በሌላው ላይ አይጭንም።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ይህ ማለት የተገፋ ሰው በተደረገበት ግፍ ራሱ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ቤቷ የተቃጠለባት እናት ቤቷ በኃጢአቷ እንደተቃጠለ ለማንም መናገር የለባትም። እግዚአብሔር የባቢሎንን ጭካኔ አይቷል፤ በዚያው በኤርምያስ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ፍርዱ በሰፊው ተጽፏል። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ፣ ዳንኤል በሕዝቡ ጎን ቆመ። የቤተሰብ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ልጅ ሲያጠፋ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይቅርታ ሲጠየቅ፣ አባት ከፊት ይወድቃል። ያጠፋው እሱ ባይሆንም ልጁ የእሱ ነውና።

እውነቱን እንነጋገር። በእኛ ጉባኤ ለልጆች ስንጸልይ አሜኑ ቤቱን ያናውጠዋል። ለታመሙት ስንጸልይም እንዲሁ። ለአገር እንጸልይ ሲባል ግን ድምፁ ይቀንሳል። አንዱ የሚጸልየው ጸሎት ለሌላው ስድብ ሆኖ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለት ወገን የመጡ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የአንዱ ወንድም የሞተው የሌላው ወንድም በነበረበት ውጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ርዕሱን እንዘለዋለን፣ ወይ ደግሞ ጌታ ሆይ ሰላም አውርድ ብለን ቶሎ እናልፋለን።

የዳንኤል ጸሎት ሁለቱም ወገን አሜን ሊልበት የሚችል ጸሎት ነው። እኛ በደልን ሲባል ማንም ከውጭ አይቀርም፣ ማንም ብቻውን አይከሰስም። ልመናው የቆመውም በእኛ ጽድቅ ላይ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ምሕረት ብዛት ላይ ነው። ስምህ የተጠራባት ከተማ ናትና ስለ ራስህ ብለህ አድርግ ብሎ ነው የጨረሰው። በጽድቅ ተወዳድረን ከጸለይን ተራችን አይደርስም። በምሕረት ከጸለይን ግን ሁላችንም አንድ ሰልፍ ላይ ነን።

የማታው መሥዋዕት ሰዓት

ዳንኤል ገና ሲጸልይ መልአኩ ገብርኤል መጣ። መጽሐፉ ሰዓቱን ሲናገር የማታ መሥዋዕት ጊዜ ነበር ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለ 47 ዓመት ገደማ ሆኗል። መሠዊያ የለም፣ በግ የሚያቀርብ ካህን የለም። የዳንኤል የልብ ሰዓት ግን ገና በኢየሩሳሌም ሰዓት ነው የሚሠራው።

ገብርኤል የነገረው የመጀመሪያው ነገር፣ ልመናውን ሲጀምር ቃል እንደወጣ፣ እሱም እጅግ የተወደደ እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ስለ 70 ሱባዔ ነገረው። በሱባዔው ቆጠራ ላይ መምህራን የተለያየ ሐሳብ አላቸው፤ ለዛሬ እሱን ወደ ጎን እንተወው። ሁላችንም የምናየው ግን መልሱ ከጥያቄው መብለጡን ነው። ዳንኤል የለመነው ስለ አንድ ከተማና ስለ አንድ ሕዝብ ነበር። የተነገረው ደግሞ በደል ስለሚሰረይበት፣ የዘላለም ጽድቅ ስለሚገባበት ነገር ነው። ከተማይቱ እንደምትሠራ ተነገረው፤ ዘመኑ የጭንቀት እንደሚሆንና ገና መከራ እንዳለም አልተደበቀበትም።

በዚያው በዳርዮስ ዘመን ነው የአንበሶቹም ታሪክ የሆነው። ለ30 ቀን ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ወደ አንበሶች ጉድጓድ ይጣል ተብሎ ሕግ ወጣ። ዳንኤል ጽሕፈቱ እንደተጻፈ ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገባ፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያየው መስኮት ተከፍቶ ነበር። ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፣ አመሰገነም። አሁን ያች ሌሊት ይበልጥ ትገባናለች። ወደ ጉድጓድ ያስጣለው ያ መስኮት ነው። ስለ አገሩ የሚጸልይበትን መስኮት ለ30 ቀን እንኳ አልዘጋም።

ዕቃው ተመለሰ፣ እሱ ቀረ

የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት አዋጅ አወጣ። የዕዝራ መጽሐፍ አዋጁ የወጣው በኤርምያስ አፍ የተነገረው እንዲፈጸም መሆኑን ይናገራል። ከባቢሎን ፍርስራሽ በ1879 የተገኘ፣ ዛሬ በለንደን ሙዚየም የተቀመጠ ከሸክላ የተሠራ ጽሑፍም አለ። ኢየሩሳሌምን በስም ባይጠራም፣ ቂሮስ ከስፍራቸው የተፈናቀሉ ሕዝቦችን ወደየቦታቸው እንደመለሰ ይናገራል።

ተመላሾቹ ተቆጠሩ፤ አገልጋዮቻቸው ሳይጨመሩ 42,360 ነበሩ። ናቡከደነፆር ከቤተ መቅደሱ የወሰደው የወርቅና የብር ዕቃም እየተቆጠረ ተሰጣቸው፤ 5,400 ነበር። ከዚያ ውስጥ ከዳንኤል ጋር በአንድ ዘመን ተጭኖ የመጣ ዕቃ አለበት። ዕቃው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዳንኤል ግን አልተመለሰም። በቂሮስ በ3ኛው ዓመት፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር እናገኘዋለን። ሥጋና ወይን ትቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያዘነ ነው። የሄዱት ወገኖቹ መሠረት ሲጥሉ የአካባቢው ሰዎች ሥራቸውን ያውኩባቸው ነበር። ሽማግሌው አሁንም ስለ እነሱ ላይ ነው። የመጽሐፉም መጨረሻ ዳንኤል እንደሚያርፍ፣ በቀኖቹም መጨረሻ በዕጣው ክፍል እንደሚቆም በተሰጠው ተስፋ ያበቃል።

ቤተ መቅደሱ በ516 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተሠርቶ አለቀ፤ ከተቃጠለ 70 ዓመቱ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ኤርምያስ ይህን አላየም፤ ወገኖቹ ወደ ግብፅ ወስደውታል። ደብዳቤውን አንብቦ የጸለየው ዳንኤልም በዓይኑ አላየም። ጸሎታቸው ግን ደረሰ።

ወገኖቼ፣ ይህ ለእኛ ቀላል ቃል አይደለም። አውቶቡሱ ሲመጣ ጓደኞቻችንን ሸኝተናል፣ እኛ ቀርተናል። ሪሴትልመንት የደረሰው አለ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ አለ፣ እዚሁ ያረፈና እዚሁ የቀበርነው አለ። አንዳንዶቻችን የምንጸልይለትን የአገር ሰላም በእግራችን ረግጠን ላናየው እንችላለን። ዳንኤል ይህን ሳያውቅ አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜው አራት ወር መንገድ የሚያስብ ሽማግሌ አይደለም። ግን የጸለየው ለራሱ ቦታ አልነበረም። በዚያች ከተማ ለሚወለዱ ልጆች ነበር። ልጆቻችን ነገ የሚገቡበትን አገር ዛሬ በጉልበታችን ልንገነባው እንችላለን፤ ይህን የሚከለክል ወረቀት የለም።

በዚህ ሳምንት እናድርገው

መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ዳንኤል 9ን በየቀኑ ያንብብ። የሌለው ካለው ጋር ተቀምጦ ይስማ። ሲያነቡ ልብን የነካውን አንድ ቃል ይዞ ወደ ጸሎት መግባት ነው፤ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ስለ አገር ስንጸልይ እነሱ የሚለውን ቃል ለአንድ ሳምንት እንተወው። እኛ ብለን እንጸልይ። ቢከብደንም እንሞክረው።

ያስጠለለንን አገርና በዙሪያችን ያሉትን የአካባቢውን ነዋሪዎች በጸሎት እናስብ። ዝናብ ሲጠፋ እነሱም ይጠማሉ፤ የእነሱ ሰላም የእኛም ሰላም ነው።

ሰዓት እንወስን። ውኃ ለመቅዳት ስንሰለፍ፣ ራሽን ስንጠብቅ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሊሆን ይችላል። ዳንኤል ሥራ የሚበዛበት ሹም ሆኖ ሦስት ጊዜ አግኝቷል።

በየብሎካችሁ ለመወያየት

ዳንኤል ተስፋው ተጽፎ እያየ ለምን ጸለየ? እናንተስ ቢሆን ምን ታደርጉ ነበር?

እኛ በደልን ማለት በየትኛው ነገር ላይ ይከብዳችኋል? ሳትፈሩ ለእርስ በርሳችሁ ተናገሩ፤ የሚናገረውንም ሳታቋርጡ ስሙት።

ከሌላ ወገን ከመጣ አንድ ወንድም ወይም እህት ጋር ሆናችሁ በዚህ ሳምንት ስለ አገር ልትጸልዩ ትችላላችሁ? ማን ጋ ትሄዳላችሁ?

ጸሎት

አባታችን ሆይ፣ በቃልህ ስላነቃኸን እናመሰግንሃለን። እኛ በአንተ ፊት በድለናል፤ አባቶቻችንም፣ መሪዎቻችንም፣ እኛም። በወንድማችን ደም ላይ ዝም ያልንበትን ይቅር በለን። የተቃጠሉትን ቤቶች፣ ያልተቀበሩትን ሰዎች፣ የሚያለቅሱትን እናቶች ታውቃቸዋለህ። በጽድቃችን አንመጣም፤ በምሕረትህ እንመጣለን። አገራችንን አስብ፣ ያስጠለለችንንም ምድር ባርክ። የምንመለስ ከሆነ በሰላም መልሰን፤ የምንቀር ከሆነም መስኮታችንን አታስዘጋን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።